ማዕቀፉን ማን ይወርሰዋል? የአማርኛ ድረ ገጾችና የአቀማመጥ ምርጫቸው

ነገሩ በውጭ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። በአንድ የአውሮፓ ወይም የሰሜን አሜሪካ ከተማ ያሉ የአገር ልጆች ማኅበር ይመሠርታሉ። ማኅበሩ ስብሰባ የሚጠራበት፣ የልጆችን የአማርኛ ትምህርት ሰዓት የሚያሳውቅበት፣ የሐዘንና የደስታ መልእክት የሚያስተላልፍበት ድረ ገጽ ያስፈልገዋል። ከአባላቱ መካከል የኮምፒውተር ሙያ ያለው አንድ ወጣት ያለ ክፍያ ሊሠራው ይነሣል። አንድም የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ገና ሳይጻፍ የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «በየትኛው ማዕቀፍ ይሠራ?» የሚለው ነው። ወጣቱ በዚያ ሰሞን በመሥሪያ ቤቱ የሚጠቀምበትን ይመርጣል፤ ኮሚቴው ጉዳዩ የባለሙያ ነው ብሎ ያልፈዋል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ወጣቱ ሥራ ቀይሮ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ድረ ገጹም ያለፈውን የፋሲካ በዓል እያስታወቀ ይቀራል።

እንዲህ ያለው ፍጻሜ ብዙውን ጊዜ በአባላት ቸልተኝነት ይሳበባል። ቸልተኝነትም አይጠፋም። ነገር ግን የጥፋቱ ድርሻ በመጀመሪያው ቀን፣ ማንም ልብ ሳይለው በተደረገው ምርጫ ላይም ይወድቃል። የአቀማመጥ ማዕቀፍ ሲመረጥ ከገጹ መልክ ጋር ሌላም ነገር አብሮ ይወሰናል፤ ከመጀመሪያው ሠሪ በኋላ ገጹን ሊነካው የሚችለው ሰው ማን እንደሆነ። በዚህ መለኪያ ሲታይ፣ አብዛኛው ይዘቱ ጽሑፍ ለሆነ የአማርኛ ድረ ገጽ የሚበጀው ብዙ ጊዜ ያለ ማዕቀፍ መሥራት ነው።

አባባሉ ለባለሙያዎች ድፍረት ሊመስል ይችላል። ማዕቀፎቹ ከየት እንደመጡ ሲታወስ ግን ድፍረቱ ይቀንሳል።

አንድ ድረ ገጽ በመሠረቱ በሁለት ቋንቋዎች ይጻፋል። ኤችቲኤምኤል የተባለው «ይህ ርእስ ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው፣ ይህ ሥዕል ነው» እያለ የእያንዳንዱን ነገር ማንነት ይናገራል። ሲኤስኤስ የተባለው ደግሞ መልኩን ይወስናል፤ ቀለሙን፣ የፊደሉን መጠን፣ በመካከል የሚተወውን ክፍተት፣ ምን ከምን ጎን እንደሚቆም። የሲኤስኤስን ሐሳብ ኖርዌያዊው ሆኮን ቪየም ሊ በስዊዘርላንድ በሚገኘው የሴርን የምርምር ማዕከል ሳሉ በ1994 እ.ኤ.አ. አቀረቡ፤ የመጀመሪያው ደረጃም በ1996 ጸደቀ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቋንቋው ቀለምንና ፊደልን በሚገባ ያውቅ ነበር። ገጽን በዓምድ የመክፈል ችሎታ ግን አልተሰጠውም። ለጽሑፍ ሰነድ የታሰበ ነበርና ጋዜጣ የመሰለ ገጽ ሊያዘጋጅበት የሚመጣ ሰው ብዙም አልተጠበቀም።

ሰው ግን መጣ። በ1990ዎቹ የነበሩ ሠሪዎች ለቁጥር መዘርዝር የተፈጠረውን ሠንጠረዥ ለአቀማመጥ ተጠቀሙበት፤ ዜናው በአንዱ ሕዋስ፣ ማስታወቂያው በሌላው። ቀጥሎ የመጡት ደግሞ ፎቶግራፍን በጽሑፍ ጎን ለማቆም የተሰጠውን ትእዛዝ ጠምዝዘው ገጹን በሙሉ በእርሱ አቆሙት። ዓምዶቹ ማሰሻው በተለወጠ ቁጥር ይፈርሱ ነበር። ማዕቀፎች የተወለዱት ከዚህ ችግር ነው። በ2007 ብሉፕሪንት፣ በ2008 የ960 ፒክሰል ስፋትን በ12 ወይም በ16 ዓምድ የሚከፍለው ሥርዓት ወጣ። በነሐሴ 2011 ደግሞ በትዊተር ይሠሩ የነበሩት ማርክ ኦቶና ጄከብ ቶርንተን ቡትስትራፕን ለሕዝብ ለቀቁ። 12 ቁጥር የተመረጠው በምክንያት ነው፤ ለ2፣ ለ3፣ ለ4 እና ለ6 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ሠሪው ስሌቱንና የማሰሻዎችን ጠብ ለማዕቀፉ ትቶ «ይህ ክፍል ከ12ቱ ዓምዶች 8ቱን ይያዝ» ማለት ብቻ በቂው ሆነ። በ2010 ኢታን ማርኮት አንድ ገጽ ለስልክም ለኮምፒውተርም ራሱን የሚያስተካክልበትን ስልት ስም ሰጥተው ካስተዋወቁ በኋላ ስሌቱ ይብስ ስለተወሳሰበ፣ የማዕቀፍ አስፈላጊነት ከፍ ብሎ ታየ። በዚያ ዘመን ያለ ማዕቀፍ መሥራት በእርግጥም ጊዜ ማባከን ነበር።

ማዕቀፉ ምርኩዝ ነበር ማለት ነው፤ እግሩ ደግሞ ቋንቋው ራሱ። እግሩ የዳነው በመጋቢት 2017 ነው። ግሪድ የተባለው የሲኤስኤስ ክፍል፣ ገጽን በዓምድና በረድፍ ለመክፈል ታስቦ የተሠራው የመጀመሪያው መሣሪያ፣ በአንድ ወር ውስጥ በክሮም፣ በፋየርፎክስና በሳፋሪ ገባ። ሐሳቡን መጀመሪያ ያቀረበው ማይክሮሶፍት ነበር። ለክሮምና ለሳፋሪ የሚሆነውን ሥራ የሠራው ኢጋሊያ የተባለ በስፔን የሚገኝ የባለሙያዎች ድርጅት ሲሆን፣ ወጪውን የሸፈነው የፋይናንስ መረጃ አቅራቢው ብሉምበርግ ነው። የዚያ የልገሳ ፍሬ ዛሬ በሁሉም ሰው ስልክ ውስጥ ተቀምጦ በነጻ ይገኛል፤ የማይወርድ፣ የማይጫን፣ የማይታደስ ማዕቀፍ ሆኖ።

ዛሬ ዓምድ ለማቆም የሚያስፈልገው መመሪያ አንድ መስመር ነው። በአማርኛ ቢነገር እንዲህ ይላል፤ «ዓምዶቹ ከዚህ ስፋት አይነሱ፤ ቦታ እስከ ተገኘ ጎን ለጎን ይደርደሩ፤ ቦታ ሲጠብ አንዱ ከሌላው ሥር ይውረድ።» ለስልክ፣ ለጡባዊና ለኮምፒውተር የተለያየ ስሌት መጻፍ አያስፈልግም። ግሪድን የማያውቅ አሮጌ ወይም ውስን ማሰሻ ቢያጋጥም እንኳ፣ የሲኤስኤስ ሕግ የማይታወቀውን መመሪያ ዘልሎ እንዲያልፍ ያዝዛልና አንባቢው ጽሑፉን ከላይ ወደ ታች በአንድ ዓምድ ያገኘዋል። አያምርም፤ ይነበባል።

ለአማርኛ ጽሑፍ ግን ጉዳዩ ከቀላልነት አልፎ የፊደልም ነው። የግእዝ ፊደል የራሱ የአቀማመጥ ሥርዓት የነበረው ፊደል ነው። ጸሐፊው ብራናውን ፍቆ ካሰናዳ በኋላ፣ ቀለም ከመንካቱ በፊት፣ በወስፌ ዳርና ዳሩን ይበሳል፤ ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳም ቀለም በሌለው ጭረት ያሰምራል። ዓምዱ የሚወሰነው ያን ጊዜ ነው። በአድዋ አቅራቢያ በሚገኘው ገዳም የተጠበቁት የአባ ገሪማ ወንጌሎች፣ በዕድሜ ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ የሚመደቡት፣ በሁለት ዓምድ የተጻፉ ናቸው። ጸሐፊው ለጠባቡ ዓምድ የሚረዳው አንድ ነጻነት ነበረው። መስመሩ ካለቀ ቃሉን በየትኛውም ፊደል ላይ ቆርጦ ቀሪውን ወደሚቀጥለው መስመር ያወርዳል። የቃሉን መጨረሻ ሁለት ነጥብ ስለሚናገር አንባቢ አይሳሳትም።

ማሰሻው ይህን ነጻነት በራሱ አይወስድም። የአማርኛን መስመር የሚሰብረው በባዶ ቦታ ላይ፣ ወይም ሁለት ነጥብ ከተጻፈ ከእርሱ በኋላ ነው። አማርኛ ደግሞ ባለቤቱን፣ ተሳቢውን፣ አሉታውንና መስተዋድዱን በአንድ ግሥ ጠቅልሎ መናገር የሚወድ ቋንቋ ነው። «እንዳልተመዘገቡላቸው» የሚለው አንድ ቃል 12 ፊደል ይዟል። በእንግሊዝኛ አጫጭር ቃላት ተለክቶ የተዘጋጀ ባለ ሦስት ወይም ባለ አራት ዓምድ ሳጥን እንዲህ ያለ ቃል ሲገባበት፣ ወይ በመስመሩ መጨረሻ ሰፊ ባዶ ይተዋል፣ ወይ ቃሉ ከሳጥኑ አልፎ ይወጣል። ሠሪው ይህን አይቶ ብዙ ጊዜ ፊደሉን ያሳንሳል። ለመነጽር አንባቢዎች ከዚህ የከፋ መፍትሔ የለም። ትክክለኛው መፍትሔ የዓምዱን ዝቅተኛ ስፋት በፊደል መጠን መለካት ነው፤ ሲኤስኤስ ይህን የሚፈቅድ መለኪያ አለው። አንባቢው ፊደሉን ባጎላ ቁጥር ዓምዱም አብሮ ይሰፋል፤ ቦታ ሲያጣ ራሱ ወደ ታች ይወርዳል።

የመስመር ክፍተትም ሌላው ጣጣ ነው። የላቲን ትንንሽ ፊደላት አብዛኞቹ ዝቅ ብለው የሚቀመጡ ስለሆኑ በመስመሮች መካከል በተፈጥሮ አየር ይገባል። ፊደላችን ከሞላ ጎደል ሁሉም ቁመተ ረጅም ነው፤ የላቲን ዓቢይ ፊደላትን ብቻ ደርድሮ እንደ መጻፍ ያህል ገጹን ይሞላል። ቡትስትራፕ ለርእስ የሚሰጠው የመስመር ቁመት የፊደሉን መጠን 1.2 እጥፍ ነው። ቴይልዊንድ ለትልልቅ ርእሶች የሚሰጠው ደግሞ ልክ 1 እጥፍ ነው። ሁለቱም ለእንግሊዝኛ ርእስ የተመጠኑ ናቸው። በሁለት መስመር የሚያርፍ የአማርኛ ርእስ በዚህ ልክ ሲጻፍ የላይኛው መስመር እግር የታችኛውን ራስ ይረግጣል። ርእሱን በዓቢይ ፊደላት አሳይ የሚለው የተለመደ ጌጥ በአማርኛ ላይ ምንም አያደርግም፤ ዓቢይና ንኡስ የለንምና። ዘመም ይበል የሚለው ትእዛዝ ደግሞ ዘመም ያለ የግእዝ ቅርጽ ሲታጣ ቀጥ ያለውን ፊደል ገፍቶ ያጣምመዋል። እነዚህ ሁሉ ሊታረሙ ይችላሉ። ነገር ግን ማዕቀፉ ያስቀመጠውን ውሳኔ እያነሡ በሌላ መተካት ከባዶ ከመጀመር ይልቅ የሚደክምበት ጊዜ አለ። የራስን ቤት ለመሥራት የሌላውን ቤት በመጀመሪያ ማፍረስ ያህል ነው።

ከዚሁ ጋር አንድ ትንሽ የምትመስል ጉድለት አለች። ማዕቀፎች በመጀመሪያ ገጻቸው የሚሰጡት ናሙና «የዚህ ገጽ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው» ብሎ ይጀምራል። ሠሪው ገልብጦ ይወስደዋል፤ ገጹ በሙሉ በአማርኛ ሲሞላም መስመሯ አትለወጥም። ማየት ለተሳናቸው ሰዎች ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ መሣሪያ ግን ያችን መስመር ያምናል። ማረሚያው ሁለት ፊደል ነው።

ወደ ወጪ እንምጣ፤ በዚህ ላይ የሚነሣው ክርክር ብዙ ጊዜ የተጋነነ ነውና። የቡትስትራፕ 5ኛ እትም የሲኤስኤስ ፋይል ከ200 ኪሎባይት በላይ ነው፤ በመንገድ ላይ ሲታመቅ ግን ወደ 30 ኪሎባይት ይወርዳል። ቴይልዊንድ ደግሞ በገጹ ላይ የተጠቀሱትን ትእዛዞች ብቻ መርጦ ስለሚያወጣ ውጤቱ ብዙውን ጊዜ ከዚያም ያነሰ ነው። በሪያድ ወይም በቤይሩት በቅድመ ክፍያ ዳታ የምታነብ እኅት የሚጎዳት ከዚህ ይልቅ ለጌጥ ተብሎ የሚጫነው የፊደል ፋይል ነው። የእንግሊዝኛ ቅርጸ ፊደል ጥቂት ደርዘን ቅርጾች ሲበቁት የግእዙ ከ300 በላይ ቅርጾች መሸከም አለበት። የአንድሮይድም የአፕልም ስልኮች የግእዝ ፊደል ከፋብሪካ ይዘው ይወጣሉ። እርሱን መጠቀም ምንም አያስወርድም። ስለ ማዕቀፍ ክብደት ለሳምንት የተከራከረ ቡድን ሦስት ዓይነት የአማርኛ ቅርጸ ፊደል ሲጭን ማየት የተለመደ ነው።

ከክብደት ይልቅ ሊያሳስብ የሚገባው የስልኩ ዕድሜ ነው። በጥር 2025 የወጣው የቴይልዊንድ 4ኛ እትም በሳፋሪ 16.4፣ በክሮም 111፣ በፋየርፎክስ 128 እና ከእነርሱ በኋላ በወጡት ላይ እንዲሠራ የተሰናዳ ነው፤ ከዚያ በፊት ለነበሩት ዋስትና አይሰጥም። አይፎን 7 ያለው ሰው ሳፋሪ 16.4ን ሊያገኝ አይችልም፤ ስልኩ የሚቀበለው የመጨረሻው ሥርዓተ ክወና 15ኛው ነው። በሥራ ላይ ላለ የሲሊከን ቫሊ ድርጅት ይህ ተገቢ ውሳኔ ሊሆን ይችላል። የማኅበሩን የሐዘን ማስታወቂያ የሚከፍቱት ግን ከልጆቻቸው የተረፈውን ስልክ የሚይዙት እናቶችና አባቶች ናቸው። ለእነርሱ ገጹ ተሰባብሮ ሲመጣ ስልኩ የተበላሸ እንጂ ማዕቀፍ የተመረጠ አይመስላቸውም።

በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በእስራኤል ለሚኖሩ ሌላ ፈተና ይጨመራል። አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ዐረብኛና ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋሉ፤ በሁለት ቋንቋ የሚቀርብ ገጽ አቀማመጡም እንደ መስተዋት መገልበጥ አለበት። የቀድሞዎቹ ማዕቀፎች ሁሉን ነገር «ግራ» እና «ቀኝ» ብለው ስለጻፉ ለዚህ ምቹ አልነበሩም። ቡትስትራፕ ከቀኝ ወደ ግራ ለሚጻፉ ቋንቋዎች የተሰናዳ ፋይል በይፋ ያቀረበው በ2021 በወጣው 5ኛ እትሙ ነው፤ እርሱም ራሱን የቻለ ሁለተኛ ፋይል ነው። የማሰሻው ግሪድ በአንጻሩ የሚያስበው «መነሻ» እና «መድረሻ» እያለ ነው። የገጹ አቅጣጫ ዐረብኛ መሆኑ አንድ ጊዜ ከተነገረው ዓምዶቹ ራሳቸው ይገለበጣሉ፤ ለሁለቱ ቋንቋ አንድ ፋይል ይበቃል።

ለማዕቀፎቹ ፍርድ ሳያዛቡ መናገርም ይገባል። የባንክ የውስጥ ሥራ ማከናወኛ፣ ብዙ ቅጽ፣ ብዙ ሠንጠረዥ፣ የቀን መምረጫና የማስጠንቀቂያ መስኮት ያለበት ሥርዓት የሚሠራ ቡድን፣ ቡትስትራፕ ያዘጋጃቸውን ክፍሎች ትቶ ሁሉን ከባዶ ቢጀምር ገንዘብና ጊዜ ያባክናል። ክፍሎቹ በብዙ ሰው እጅ ተፈትነዋል፤ መመሪያቸውም በግሩም ሁኔታ ተጽፏል። አሥር ሰው አንድ ኮድ ላይ በሚሠራበት ቦታ ቴይልዊንድ ቀለምና ክፍተት ከአንድ መዝገብ እንዲቀዳ ስለሚያስገድድ እያንዳንዱ የራሱን ሰማያዊ እንዳይፈጥር ይከላከላል። ይህ ዋጋ ያለው ሥርዓት ነው። በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ ግን አንድ የጋራ ነገር አለ፤ ደመወዝ የሚከፈለው፣ ነገም በወንበሩ ላይ የሚገኝ ሰው።

የማኅበሩ ገጽ ያ ሰው የለውም። ማዕቀፍ ደግሞ ያለ ጠባቂ ሲቀር ያረጃል። ቡትስትራፕ በ2013 ከ2ኛው ወደ 3ኛው እትም ሲሸጋገር የዓምድ መጠሪያዎቹን ለወጠ፤ በ2018 በ4ኛው እትም የዓምዱን ሥራ በሙሉ በአዲስ ስልት ተካ፤ በ2021 ደግሞ «ግራ» እና «ቀኝ» ይባሉ የነበሩትን መጠሪያዎች ቀየረ። የ3ኛው እትም ድጋፍ በ2019፣ የ4ኛው በ2023 ተቋረጠ። እያንዳንዱ ለውጥ በራሱ መሻሻል ነበር። አሮጌውም ወዲያው መሥራቱን አያቆምም። ነገር ግን በ2014 በ3ኛው እትም የተሠራን ገጽ ዛሬ የሚረከብ ወጣት፣ የተማረው ቡትስትራፕና ከፊቱ ያለው ቡትስትራፕ የተለያዩ ሆነው ያገኛቸዋል። ቴይልዊንድም 4ኛው እትም ላይ ቅንብሩ የሚጻፍበትን ቦታና ቋንቋ ቀይሯል። በዚያ ላይ የቴይልዊንድ የተለመደ አሠራር ኮዱን የሚያሰናዳ ተጨማሪ መሣሪያ በኮምፒውተር ላይ መጫንን ይጠይቃል። አንድ የስብሰባ ቀን ለማረም ይህን ሁሉ መጫን ያለበት ሰው ቀኑን ሳያርም ይቀራል። ሲኤስኤስ ራሱ ግን የትናንቱን አይጥልም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሴርን የተጻፉት ገጾች በዛሬ ማሰሻ ሲከፈቱ ይነበባሉ፤ ዛሬ የተጻፈ የግሪድ መመሪያም ወደፊት እንዲነበብ የሚያስገድደው ይኸው ልማድ ነው።

በቅርቡ ደግሞ ምርጫው ከሰው እጅም እየወጣ ነው። ኮድ የሚጽፉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች «ድረ ገጽ ሥራልኝ» ሲባሉ ማንም ሳይጠይቃቸው ቴይልዊንድን ማቅረብ ይቀናቸዋል፤ በብዛት ያነበቡት እርሱ ስለሆነ። ገጹ በደቂቃ ውስጥ አምሮ ይወጣል። የሚረከበው ሰው የሚያገኘው ግን በእያንዳንዱ መስመር ላይ አሥራ አምስትና ሃያ አጫጭር የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃላት የተከመሩበት ጽሑፍ ነው። የአማርኛው ዐረፍተ ነገር በመካከላቸው ተሰውሮ ይገኛል።

«ማዕቀፍ ከሌለ እያንዳንዱ በጎ ፈቃደኛ የራሱን ዝብርቅርቅ ይጽፋል» የሚለው ተቃውሞ ከሁሉ የጠነከረው ነው። ቡትስትራፕን የሚያውቅ ሰው በየከተማው ይገኛል፤ የአንድን ወጣት የግል አጻጻፍ የሚያውቀው ግን እርሱ ብቻ ነው። ተቃውሞው እውነትነት ስላለው መልሱ ጥንቃቄን ይጠይቃል። ያለ ማዕቀፍ መሥራት ያለ ሥርዓት መሥራት ሆኖ ከተተረጎመ ቡትስትራፕ ይሻላል፤ ኮሚቴውም ያለ ሐፍረት ሊመርጠው ይገባል። ግሪድ የሚሰጠው ነጻነት አደጋም አለው። በኮዱ መጨረሻ የተጻፈውን ክፍል በዓይን ሲታይ መጀመሪያ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ በድምፅ የሚያዳምጠው ሰው ግን የሚሰማው በኮዱ ቅደም ተከተል ነው። ስለዚህ ጽሑፉ በመጀመሪያ ያለ ምንም ሲኤስኤስ ከላይ እስከ ታች ተነብቦ ትርጉም መስጠት አለበት፤ ዓምዱ የሚቆመው ከዚያ በኋላ ነው።

ሥርዓቱን ለማቆም ደግሞ ቋንቋው ራሱ፣ በብዙዎች ዘንድ የማይታወቅ፣ አንድ በር ክፍት አድርጎ ይጠብቃል። ሲኤስኤስ ለገጽ ክፍሎች የሚሰጡት ስሞች በላቲን ፊደል ብቻ እንዲጻፉ አያስገድድም። በግእዝ ፊደል መሰየም ሕጋዊ ነው፤ በፋይሉ ውስጥ የሚተው ማስታወሻም በአማርኛ ሊጻፍ ይችላል። ግሪድ በተለይ የገጹን ንድፍ በስም መሣልን ይፈቅዳል። የማኅበሩ ገጽ ፋይል ሲከፈት ከላይ ሦስት መስመር ሊኖረው ይችላል። በመጀመሪያው «ርእስ ርእስ»፣ በሁለተኛው «ዜና ማስታወቂያ»፣ በሦስተኛው «ግርጌ ግርጌ» ተብሎ ይጻፋል። ርእሱ ሁለቱንም ዓምድ ይይዛል፤ ዜናው በግራ፣ ማስታወቂያው በቀኝ ይቆማል፤ ግርጌው ከሥር ይዘረጋል። ለስልክ የሚሆነው ንድፍ ደግሞ አራት መስመር ነው፤ ርእስ፣ ዜና፣ ማስታወቂያ፣ ግርጌ፣ አንዱ ከአንዱ ሥር።

ወጣቱ ወደ ሌላ ከተማ በሄደ ማግስት የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ኮድ ጽፈው የማያውቁ ሴት ቢሆኑም፣ ያን ፋይል ከፍተው ማስታወቂያው ከዜናው በላይ እንዲመጣ ቢፈልጉ የትኛውን ቃል ከየት ወደ የት እንደሚያዛውሩ ያነቡታል።